የአይኖ ቄጤማ

ቀዳም ስዑር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፊቴን ልታጠብ ባኞ ቤት ስገባ ገንዳው በቅጠል ተሞልቷል። ረጃጅም፣ ወፈር ያለ፣ ከግርጌው ነጣ ያለ አረንጓዴ ቅጠል፣ በክንድ በክንድ እየሆነ በክር ታስሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ቧንቧው እላዩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንቅልፌ ስላልለቀቀኝ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሳሙና ላነሳ ጎንበስ ስል ግን ከአንዱ እስር መሐል አንዲት እምቡጥ አንገቷን ደፍታ አየኋት፤ ጫፏ ቢጫ። እስሩን ፈታሁት። ሌላ እምቡጥ። ሁለተኛውን ፈታሁ፣ ሦስተኛውን ፈታሁ፤ ሁሉም ውስጥ አለ፣ ሊፈነዳ ሳምንት የቀረው። የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ የተከልኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ፣ ተንበርክኬ፣ አፈሩ ጣቴን እያደነዘዘው፣ መቶ ሃያ ራስ።

አበባው የአይኖ ነው። አይኖ ከእኛ በሚቀጥለው መግቢያ፣ አንደኛ ፎቅ የምትኖር የሰባ ሁለት ዓመት ፊንላንዳዊት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖራ ጉልበቷ አልቋል። በምንኖርበት ሰፈር፣ ፊቲያ ውስጥ፣ ከሕንፃዎቹ በታች ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ የአትክልተኞች ማኅበር መሬት አለ፤ ለአንድ አባል አንድ ቁራሽ፣ ከእኛ ሳሎን ብዙ የማይበልጥ፣ በዓመት ሦስት መቶ ክሮነር፣ ወረፋው ስድስት ዓመት። የዛሬ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ሾልኬ ስመጣ፣ አይኖን ጋሪዋ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮባት በቋንቋዋ ስትሳደብ አገኘኋት። ጋሪውን አወጣሁላት፤ ከዚያ ዝም ብዬ ከመቆም ብዬ ዶማዋን አነሳሁ። "ይሄን የት ተማርሽው?" ስትለኝ ሳቅሁ። እኔ ከእርሳስ በፊት ዶማ ነው የያዝኩት። ሰንዳፋ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው እዚህ የመጣሁት፤ አሁን አሥራ ስድስት ሆኖኝ በሦስት ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። መምህሮቹ ደጎች ናቸው፤ የሚያናድደኝም ደግነታቸው ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልደናቀፍ ባነበብኩ ቁጥር እንደ ሕፃን ያጨበጭቡልኛል። አይኖ አታጨበጭብም። "ጠማማ ነው፣ ድገሚው" ነው የምትለኝ። የእሷም ስዊድንኛ ሰባራ ነው፣ የእኔም ሰባራ ነው፤ ስለዚህ በደንብ እንግባባለን።

ያ ቀን ደግሞ የእኔ ቀን ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ስቴድዳግ አለ፤ ብርዱ ሲለቅ አባላቱ ሁሉ ወጥተው ግቢውን የሚያጸዱበት ቀን ማለት ነው። ከጽዳቱ በፊት አይኖ የመሬቷን ግማሽ በእኔ ስም ልታዞርልኝ ነው፤ ወረቀቱ ተተይቧል፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። በስዊድን አገር በስሜ ያለው ነገር የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው። አልጋዬ ሶፋ ነው፤ ቀን ቀን የእንግዳ ነው። ልብሴ ኮሪደር ላይ ካለው ቁም ሳጥን የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከመጋረጃ ትርፍ ጋር። ያቺን ግማሽ ቁራሽ መሬት ግን ብርዱን ሙሉ በጭንቅላቴ ስዘራት ነው የከረምኩት፤ ቲማቲሙ በዚህ፣ ጎመኑ በዚያ፣ ቃሪያው ፀሐይ በምትመታው በኩል።

እጄን በፒጃማዬ እየጠረግሁ ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ ዘመናይ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጋሼ ይግዛው ባለቤታቸው። ጋሼ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። አክፍሎት ይዘዋል፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም፤ ይህንንም ስልክ ለደወለ ሁሉ ነግረዋል።

"ጋሼ፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ከየት ነው የመጣው?"

"አየሽልኝ?" ፊታቸው በራ። "ቄጤማ! ያውም እርጥብ። ሁለት ከረጢት ሙሉ ትናንት ማታ ለአባ አድርሻለሁ። ይሄ ለቤትና ለሶለንቱናዎቹ ዘመዶች የቀረ ነው።"

እዚህ አገር ቀዳም ስዑር የሚታሰር ቄጤማ ማግኘት ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። በሚያዝያ የሐይቁ ዳር ሸምበቆ የከረመ መጥረጊያ ነው የሚመስለው። ባለፈው ዓመት አባ ብርሃነ ሥላሴ ቸግሯቸው ከሱቅ የተገዛ የባሮ ሽንኩርት ቅጠል በምላጭ ሰንጥቀው አደሉን፤ ሽታው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከፀጉሬ አልለቀቀም። እናም ጋሼ ትናንት ከስግደት ሲመለሱ መንገድ ዳር፣ ከአጥር ወዲያ፣ በረዶ ከለቀቀው አፈር ላይ ተደርድሮ የቆመ ረጅም አረንጓዴ ነገር ሲያዩ እግዚአብሔር ያበቀለላቸው መስሏቸዋል። ይሄን አልፈርድባቸውም። አበባው አልፈነዳም ነበር፤ ቅጠሉም ለማያውቀው ሰው ቄጤማ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ቄጤማ አይደለም። ፖስክሊሊያ ነው። የአይኖ አበባ ነው፤ አብረን የተከልነው።"

"አበባው የታለ ታዲያ?" አሉ፣ ከልባቸው።

እምቡጧን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ገፋ አደረጓት፤ እንደ ጉንዳን። እትዬ ዘመናይ ከምድጃው ዞር ብለው እምቡጧንም፣ እሳቸውንም፣ እኔንም አዩና ወደ ምድጃው ተመለሱ። "እንሂድና እንንገራት" አልኩ። "ሰባት ደረጃ ነው መውረድ። አላወቅንም፣ ጥፋት ነው እንበላት።" ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እሺ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ" አሉ። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

ሌናርት ነው። ሌናርት የአትክልተኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ በዚያ ላይ የእነዚህን ሁሉ ፎቆች ጥገና የሚመራው እሱ ነው። ስልካችንን ለዛሬው ፊርማ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ቆመው ነው ያናገሩት፤ "ያ፣ ያ... ኔ... ኡይ ኡይ ኡይ" ይላሉ፤ ጆሯቸው እየቀላ መጣ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ሳያዩ "ትሁት፣ ልብስሽን ልበሺ፣ ረፍዷል" አሉኝ። ወጣሁ። የወጥ ቤቱ በር ከኋላዬ ተዘጋ። ያ በር እንጨት ነው ይላሉ እንጂ ካርቶን ነው፤ ቆሜ ሰማሁ። አላፍርበትም፤ ስለ እኔ ነበር የሚወራው።

"አሮጊቷ አልቅሳለች አለኝ። ዛሬ ስብሰባው ላይ ሌባው ማነው ተብሎ ይነሳል። ዘመናይ፣ ማክሰኞ እኮ ነው ቀጠሮዬ።"

"ዝም በል፣ ቆይ።" የእትዬ ድምፅ ነው፤ ቀስ ያለ፣ የጨርቅ ልክ እንደሚለካ ሰው። "ትሁት ናት በል።"

"እ?"

"ትሁት ናት በላቸው። ልጅ ናት፤ ምን ያደርጓታል? ይስቁና ይተዉታል። ከገጠር የመጣች ናት፣ አታውቅም በል። አንተ ነህ ከተባለ ግን ሥራው ቀረ ማለት ነው።"

ሥራው ቫክትሜስታሬነት ነው፤ አምፖል መቀየር፣ ደረጃ ማየት፣ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ቁልፍ መያዝ። ጋሼ ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከረባት አስረው ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ ሊያነቡ ይሄዳሉ፤ ጎረቤት ሥራ የሚሄዱ እንዲመስለው። ሌናርት ለማክሰኞ ና ብሏቸዋል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ግን አበባውን የተከልኩት እኔ፣ ስሙን የማውቀው እኔ፣ አታውቅም የምባለው እኔ! በሩን በእግሬ ልመታው አስቤ ነበር። ቀሚሴን ለበስኩ። ለምን እንደለበስኩ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። መውረድ ነበረብኝ፤ ሰባት ደረጃ ወርጄ፣ አንድ መግቢያ አልፌ፣ ደወሉን መጫን። ነጠላዬን አጣፍቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ ነበር፤ በየመስኮቱ ገና ቅርንጫፍ ተሰቅሏል። የበርች ጭራሮ ላይ ቢጫና ቀይ የተነከረ ላባ ያስራሉ፤ ዶሮዋ የለችም፣ ላባዋ ብቻ። በሌላ ቀን ይሄን አንስቼ እቀልድ ነበር። በቮርቢ ጎርድ በኩል ስናልፍ እትዬ ዘመናይ ከፊት ወንበር አንድ ጊዜ ዞር ብለው "ነጠላሽን አስተካክዪ" አሉኝ፤ እንደ ሁልጊዜው።

ቤተ ክርስቲያናችን የስዊድኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፣ በሰዓት የምንከራየው አዳራሽ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ጧፍና እርጥብ ካፖርት ይሸታል። አባ ብርሃነ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዲያቆናቱ የጋሼን ከረጢት ተሸክመው፣ ሰላም ሆነ እያሉ በየረድፉ ቄጤማ ማደል ጀመሩ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ሁለት መቶ ግንባር ላይ የአይኖ ቅጠል ታሰረ። ሕፃናቱ አንገታቸው ላይ፣ ወንዶቹ ግንባራቸው ላይ፣ ሴቶቹ ከነጠላቸው በታች። አንዲት እናት ለአራስ ልጇ ክንድ ላይ ቀለበት አድርጋ አሰረችለት። ከእኔ ፊት የቆሙት እማማ ትርሓስ ቅጠሉን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው እንባ አቀረሩ፤ "ሠላሳ ዓመቴ እንዲህ ያለ እርጥብ ካየሁ" አሉ፤ ከዚያ ወደ ወንዶቹ በኩል አንገታቸውን አስግገው "ይግዛው፣ እጅህ ይባረክ!" ብለው ጠሩ። "ይባረክ! ይባረክ!" አለ ሰዉ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ አፍረው ሳይሆን ደስ ብሏቸው። አባ እኔ ጋ ሲደርሱ አልፈልግም ልል አፌን ከፈትኩ። ሰው ያያል። እትዬ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ታሰረልኝ። የቅጠሉ ውሃ፣ ያ ዝልግልጉ፣ በአፍንጫዬ በኩል ወረደ። አይኖ ስንተክል ጓንት አድርጊ ያለችኝ ያሳክካል ብላ ነበር። ብዙም አልቆየ፤ እማማ ትርሓስ ግንባራቸውን ማከክ ጀመሩ፣ ከዚያ ከጎናቸው ያሉት፣ ከዚያ ግማሽ ረድፍ። ልስቅ ነው ወይስ ልጮህ አላወቅሁም፤ ዝም ብዬ ተናደድኩ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እትዬ ዘመናይ ወደ ፊት እያዩ ነገሩኝ። ለእኔ የሚናገሩ አይመስሉም፤ የግዢ ዝርዝር የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። አታውቂም ነበር። ለበዓል ሣር ይጎዘጎዛል፣ አገርሽ እንዲያ ነው። ይቅርታ ትያለሽ፣ ይስቃሉ፣ አለቀ። "አሮጊቷ ትወድሻለች፤ አትቆጣሽም።" ጋሼ መሪውን ይዘው "ለቤቱ ብለሽ ነው ልጄ" ጨመሩ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ነው ብለው ወሰዱት፤ እኔም እንዲወስዱት ተውኳቸው።

እትዬ መኪናው ውስጥ ቀሩ። እኔና ጋሼ በአትክልቱ አጥር በር ገባን። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ቡትስ አጥልቀው፣ ሬክና አካፋ ይዘው፣ የማኅበሩ የመሣሪያ ጎጆ ፊት ቆመው ከቴርሞስ ቡና ይጠጣሉ፤ የቱርክ እናቶች፣ የአሦር ሽማግሌዎች፣ ጥቂት ስዊድኖች። አይኖ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያ ሁለት ረድፍ መደብ በቢላዋ የተላጨ ጭንቅላት ይመስላል። ሰዉ ሲያየን ወሬውን አቆመ። አንድ በአንድ ቀና እያሉ ግንባራችንን ያያሉ፤ መደቡን ያያሉ፤ እንደገና ግንባራችንን ያያሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ቄጤማው! ሁለታችንም እንደታሰረልን ነን። ቀዳም ስዑር ቄጤማ ከራስ ላይ አይፈታም፤ ማንም አይፈታም፤ ስለዚህ ላውልቀው ብሎ ያሰበ የለም። የሰረቅነውን ዘውድ አድርገን የተሰረቀችው ሴት ፊት ቆምን።

ጋሼ አላስተዋሉም። ትከሻዬን ያዙና በዚያ ጥንቃቄ በተሞላ ስዊድንኛቸው ጀመሩ። ልጅቷ ናት። ከገጠር የመጣች ናት፣ ብዙ አልተማረችም፣ አበባ መሆኑን አላወቀችም። በጣም እናዝናለን።

ሌናርት የራሱን ግንባር በጣቱ ነካ። "እሱስ?" አለ። "ያሰርከው?"

እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ፣ ቅጠሉን አገኘው፣ እዚያው ቆመ። "እሷ ናት የሰጠችኝ" አሉ።

ከዚህ በኋላ "አሉ" አልላቸውም። አለ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ከአፉ የሚወጣውን ግን አልጾመም። እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳሁት።

አይኖ ከባልዲው አልተነሳችም። "አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"አይደለሁም። እሱ ነው። ሲቆርጥ አበባ መሆኑን አላወቀም፤ ያ እውነት ነው። ጠዋት ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ያውቃል።"

ከኋላ አንዲት ሴት በቱርክኛ የሆነ ነገር አለች፤ አንድ ሽማግሌ ሳል ያዘው። ጋሼ በአማርኛ፣ በጥርሱ መሐል፣ "አዋረድሽኝ፣ አንቺ ርጉም" አለኝ። ሌናርት ወደ ጋሼ አላየም፤ የቡና ኩባያውን ታች ታች ነው የሚያየው። እኔ አይኖ እስክትስቅ ነበር የምጠብቀው፣ ወይ እስክታቅፈኝ፣ ወይ ቢያንስ ጎበዝ እስክትለኝ። እውነቱን ተናግሬያለሁ እኮ! እሷ ግን ፊቷ ምንም አልተፈታም።

"አንቺስ መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ጠዋት አልኩሽ እኮ። አንድ ሰዓት ላይ።"

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

ሰባት አልፎ ነበር።

"ስድስት ሰዓት ሙሉ" አለች። "ከደጅሽ እስከ ደጄ ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ የማን ውሻ፣ የማን ልጅ እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ስጠረጥር፣ አንቺ ራስሽ ላይ አስረሽ ዞርሽ።"

ፊቴ ነደደ። ቅጠሉን ጎትቼ አወጣሁት፤ ፀጉሬንም ይዞ ወጣ። ያኔ ነው የፈነዳሁት። ስዊድንኛው ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ፣ ማንም ይስማው ማንም አይስማው። እኔ ላይ ለምን? የቆረጠው እሱ! የዋሸው እሱ! ሁሉም የሚያዘው እኔን፣ ሁሉም የሚቆጣው እኔን፤ የእነሱ ሶፋ ላይ ተኝቼ የእነሱን በር ጥሼ ልውጣ ነበር? የት ልደር? አይኖ እስክጨርስ ጠበቀች። ከሰማችው ግማሹን አልተረዳችውም፤ ከሌላው ግማሽ ግን ያመለጣት ያለ አይመስለኝም።

"እሱ ምን እንደቆረጠ አያውቅም" አለች። "አንቺ ታውቂያለሽ።"

ከዚያ ሌናርትን እስክሪብቶ ጠየቀችው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ግማሽ የሚለውን ሰረዘችና ሩብ ብላ ጻፈች። የትኛው ሩብ እንደሆነም በጣቷ አሳየችኝ፤ ያ የተላጨው። ቅጠሉ ከተቆረጠ አፈር ውስጥ ያለው ራስ ስለማይመገብ በሚቀጥለው ዓመት አያብብም፤ ምናልባት በሁለተኛው፤ ምናልባት በሦስተኛው። እስከዚያ ማረም፣ ማዳበር፣ ውሃ ማጠጣት አለ። ቲማቲም የለም፣ ጎመን የለም። "አበባ ሳታዪ ሦስት ዓመት ከሠራሽ ሌላውን እንነጋገራለን" አለች። ወረቀቱን ቀድጄ ፊቷ ላይ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። እንዴት አድርጌ እንደተናደድኩ! ፍርዱ ልክ ስለሆነ ደግሞ ይብስ ተናደድኩ። እስክሪብቶውን ቀማኋትና ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭኜ ፈረምኩ። አይኖ ፊርማውን አየችው፤ "ጠማማ ነው" አለች፤ ድገሚው ግን አላለችም። ሌናርት ለጋሼ "ማክሰኞ... እንግዲህ እንደዋወላለን" አለው፤ እጁን ግን አልዘረጋለትም።

ወደ በሩ ስመለስ እትዬ ዘመናይ ከመኪናው ወጥተው አጥሩን ይዘው ቆመዋል። በዚያ ነጭ የበዓል ጫማቸው ጭቃው ውስጥ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም፤ ሁሉንም ያዩ ይመስለኛል። ጋሼ ሞተሩን አስነስቶ በመስኮት "ግቢ!" አላቸው። አልገቡም። "ዘመናይ፣ ግቢ ብዬሻለሁ!" እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ከአጥሩ ሽቦ ላይ ቀስ ብለው አላቀቁ፤ ጥለቱ እንዳይተለተል ነው የተጨነቁት። መኪናው ሄደ።

ዳገቱን አብረን ወጣን። ረጅም ነው፤ እትዬ ስኳር አለባቸው፣ በየመብራቱ ምሰሶ ይቆማሉ። እኔም ሲቆሙ እቆማለሁ፤ ክንዳቸውን ግን አልያዝኩም። ልይዘው ይገባ ነበር፤ አልፈለግሁም። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ሲደርሱ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣

"እኔ ነኝ ያልኩት" አሉ። "እሷ ናት በል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አላሰበውም ነበር።"

"አውቃለሁ። በሩ ቀጭን ነው።"

ዞር ብለው አዩኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል በእኛ ቤት ከላይ ወደ ታች አይወርድም፤ አልጠበቅሁትም። "እናትሽ ብትሰማ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ፎቃችን ደርሰን ደረጃው ላይ፣ ቁልፍ እየፈለጉ፣ "ፈረምሽ?" አሉኝ።

"ፈረምኩ። ሩቡን።"

"ሩብም መሬት ነው" አሉ፤ በሩን ከፈቱት።

ጋሼ ከእኛ ቀድሞ ገብቶ ሳሎን ውስጥ፣ ማለት የእኔ አልጋ ላይ፣ ተቀምጧል። ቄጤማው ግንባሩ ላይ የለም። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፤ ነጫጭ ሰዎች በረዶ ላይ ዱላ ይዘው ይሯሯጣሉ፤ ጋሼ በሕይወቱ የበረዶ ሆኪ አይቶ አያውቅም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ማታ ቅዳሴ አለ፣ ዶሮው ገና በረዶው አልለቀቀም፣ አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከነመረቡ ወጥ ቤት መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። እዚህ ቤት ሽንኩርት የሚከትፈው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሦስት ፋሲካ፣ ሦስት ገና፣ በየክርስትናው፣ በየልደቱ፤ ዓይኔ እስኪያብጥ ስከትፍ ሳሎን ያሉት "ጎበዝ ልጅ፣ ባለሙያ" ይሉኛል። መክተፊያውን ለማውረድ እጄን ወደ መደርደሪያው ዘረጋሁ፤ እጅ ልማዱን ያውቃል፤ ተናዶም ቢሆን ይታዘዛል።

"ተይው" አሉ እትዬ ዘመናይ።

መክተፊያውን ራሳቸው አወረዱት። ትልቁን ቢላዋ ከመሳቢያ አወጡ። መረቡን በጥርሳቸው በጠሱትና ሽንኩርቱን በሰፊው ሳህን ሞልተው፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ የወለሉን ምንጣፍ በጭቃ እያተሙ ሳሎን ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ሳህኑን ሶፋው ላይ፣ ከጎኑ አስቀመጡ። መክተፊያውን ጭኑ ላይ አደረጉለት፣ በዚያ ነጭ በነጭ ልብሱ ላይ።

ጋሼ መክተፊያውን አየ፤ እሳቸውን አየ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ሽንኩርት።"

"ዘመናይ፣ ጾመኛ ነኝ እኮ። አክፍሎት ላይ ነኝ።"

"ሽንኩርት መክተፍ ጾም አያስፈታም።"

"አቅም የለኝም ማለቴ ነው! ከሐሙስ ጀምሮ..."

እትዬ ቢላዋውን በስለቱ በኩል ይዘው እጀታውን ወደ እሱ ዘረጉለት። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእሱ ፊት ቆመው እንዲህ ዓይን ለዓይን ሲያዩት አላየሁም።

"ሥራ ስትፈልግ አልነበር?" አሉት። "እንካ።"

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እንደማስጥለው። ሄድኩና እንዳይረበሽ ብዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁለት።